አዲስ አድቬንቸር ሞተር ይዞ መሀል አዲስ አበባ መኖር፦ ስለ አያያዙና ስለ አጠባው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሰባ ደረጃ አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ሞተሬ ግቢ ከገባ ጀምሮ ጠያቂዬ በዝቷል። ጎረቤት ይጠይቃል። ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ይደውላል። ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ ሞተረኛ የሄልሜቱን መስታወት ገልጦ ያናግረኛል። ግማሹ ጥያቄ ስለ ዋጋ ነው፤ እሱ ስለሚለዋወጥ እዚህ አላነሳውም። የቀረው ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ እንዴት ልያዘው? እንዴት ልጠበው? ይሄ እኔ ከልቤ የምወደው ነገር ነው። ሞተሩን በደንብ የሚያውቀው በገዛ እጁ ያጠበው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

አድቬንቸር ሞተር ከሌላው ሞተር በምን ይለያል?

ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ አስፋልቱ ሲያልቅም የሚቀጥል ሞተር ነው። መሪው ሰፊ ነው። የነፋስ መከላከያና ትልቅ የነዳጅ ታንክ አለው። የፊት ጎማው ብዙ ጊዜ 19 ወይም 21 ኢንች ስለሆነ ጉድጓድና ኮብልስቶን ላይ ይረጋጋል። ለዚህ ዓይነት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው አር 80 ጂኤስ ነው። ዛሬ የሆንዳ አፍሪካ ትዊን፣ የያማሃ ቴኔሬ 700፣ የሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን፣ የኬቲኤም 390 አድቬንቸር ሁሉም እዚሁ ውስጥ ይመደባሉ።

ለአጣቢ የሚታየው ልዩነት ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሞተሮች መከላከያ ይበዛባቸዋል። ከኢንጂኑ ሥር የብረት ሳህን አለ። የእጅ መከላከያ፣ የጎን ብረት፣ የሻንጣ መያዣ አለ። ጭቃ ከእያንዳንዱ ጀርባ ይደበቃል። ከላይ ሲያዩት ያበራል፤ ከሥር የሱሉልታን ማሳ ተሸክሞ ቁሟል።

ሕጉስ? አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ልብ ይነዳል?

ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ። ከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ በሞተር ሳይክል መንቀሳቀስን ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተር መያዝ ከፈቃድና ከምዝገባ ጋር ተሳስሯል። መመሪያ ስለሚሻሻል የሻጭን ቃል ብቻ አትመኑ፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመኪና መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ይበቃኛል ብሎ መነሳት አይሆንም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ዓመታዊ ምርመራውንና ቦሎውንም በጊዜው ጨርሱ።

ለመሀል ከተማ አይከብድም? ቸርችልን እንዴት ይወጡታል?

መንገድ ላይ አይከብድም፤ የሚከብደው ሲቆም ነው። ሂማሊያን 450 ነዳጅ ይዞ 196 ኪሎ ይመዝናል። ቢኤምደብሊው አር 1300 ጂኤስ 237 ኪሎ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ሽቅብ ቆማችሁ፣ እግራችሁ በጣት ብቻ መሬት ሲነካ፣ ያኔ ክብደቱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሞተሩ ላይ ሳትቀመጡበት አትግዙ። ከኋላ ሰው አስቀምጣችሁም ሞክሩት። ዳገት ላይ ስትቆሙ የኋላ ፍሬኑን ይዛችሁ፣ በግራ እግር መሬት ረግጣችሁ መነሳትን ጸጥ ባለ ቦታ ተለማመዱ። እሑድ ማለዳ ጥሩ ጊዜ ነው።

ሌላው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያንሳል። ኢንጂን የሚያቃጥለው አየር ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ካታሎግ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 30 ገደማ ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም። የዛሬ ሞተሮች ነዳጁን በኮምፒውተር ስለሚመጥኑ በጥቁር ጭስ አይታፈኑም፤ የጠፋውን ጉልበት ግን የሚመልስ ነገር የለም። በአንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መውጣት ነው መፍትሔው።

የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትሮች እንዴት ልንዳ?

አትጨክኑበት፤ ግን አታሞላቅቁትም ደግሞ። ሁለቱም ይጎዳል። አዲስ ኢንጂን ውስጥ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ገና እየተላመዱ ነው። ከፍተኛ ዙር አያስፈልጋቸውም። በአንድ ፍጥነት ለሰዓት መንዳትም አይመከርም። ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ማርሽ መቀያየር ነው የሚያላምደው። በዚህ ረገድ መሀል አዲስ አበባ የተመቸ ነው፤ ከፒያሳ ሜክሲኮ አንድ ጊዜ ደርሳችሁ ስትመለሱ ያልቀያየራችሁት ማርሽ የለም።

የመጀመሪያው ሰርቪስ እንደ ፋብሪካው ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን አትዝለሉ። ከአዲሱ ኢንጂን የተፋቀው የብረት ብናኝ የሚወጣው በዚያ የመጀመሪያ ዘይት ነው። የወጣውን ዘይት መካኒኩ ከመድፋቱ በፊት አሳዩኝ በሉና በባትሪ ብርሃን እዩት። ቅንጣት ሲያብለጨልጭ ታያላችሁ።

አዲስ ጎማም ያንሸራትታል። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን አጋድላችሁ አትዙሩ፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ በተለይ ቀለም በተቀባ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ።

በስንት ጊዜ አንዴ ልጠበው?

ቀን አልቆጥርም። የምቆጥረው ያገኘውን ነገር ነው። ደረቅ አቧራ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም። ቀይ ጭቃ በማግስቱ ይታጠብ። የወፍ ኩስ በዚያው ቀን ይነሳ፤ ቀለም ይበላል። የሲሚንቶ ብናኝና ጨው ደግሞ ባያድሩበት ይመረጣል። ክረምት ላይ በየቀኑ ማጠብ ከንቱ ድካም ነው፤ ማታ ከሥር ያለውን ጭቃ በውኃ ብቻ ማራገፍ ይበቃል።

ውኃ የሚመጣልን በተራ ነው። ስንት ሊትር ይበቃኛል?

ሁለት ጀሪካን፤ 40 ሊትር። ጭቃ ካልበዛበት አንድ ተኩልም ይበቃል። የውኃ ጎማ ይዞ ማርከፍከፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ግቢያችን ውኃ ከመጣ እናቶች መጀመሪያ የሚሞሉት የምግብና የልብስ ነው። እዚያ መሀል ሞተር ሲታጠብ ማየት ማንንም ደስ አይለውም። እኔም አላደርገውም።

አከፋፈሌ እንዲህ ነው። አንዱ ጀሪካን ለማራስና ለማለቅለቅ ነው። ይህን ውኃ በአትክልት ማጠጫ ነው የማፈስሰው፤ ከሌለ ክዳኑ በሚስማር የተበሳ የሃይላንድ ላስቲክ ይሆናል። ሁለተኛው ለሁለት ባልዲ ይከፈላል። በአንዱ ሻምፖ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ። ስፖንጁ ከሞተሩ እንደተነሳ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃው ባልዲ ውስጥ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሻምፖ የሚነከረው። በአንድ ባልዲ ብቻ ካጠባችሁ የጠረጋችሁትን አሸዋ መልሳችሁ ቀለሙ ላይ ትፈጩታላችሁ። ፀሐይ ላይ የሚታየው ክብ ክብ ጭረት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ክረምት ደግሞ በረከት አለው። ከአሸንዳ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በበርሜል አጠራቅሙ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ስለሚያወርድ እሱን አፍስሱት። ቀጥሎ የሚመጣው ውኃ ማዕድን ስለሌለው ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም። ለመጨረሻው ማለቅለቅ ከቧንቧም ከጉድጓድ ውኃም ይሻላል። ሐምሌ ላይ የሞላሁትን በርሜል እስከ መስቀል አብቃቃዋለሁ።

ቅደም ተከተሉን ንገረን።

መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ይህ የመጀመሪያውም ትልቁም ሕግ ነው። የጋለ ኢንጂንና ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ያስደነግጠዋል፤ ሻምፖውም ወዲያው ደርቆ ምልክት ይተዋል። ከመንገድ እንደገባችሁ ቡና ይፈላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሞተሩ እጅ ያስነካል።

ጥላ ፈልጉ። የአዲስ አበባ ፀሐይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ትጋረፋለች። ውኃው ከእናንተ ቀድሞ ይደርቃል።

ቁልፉን ንቀሉ። የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ወይም በፌስታል ድፈኑ፤ ሲያበቃ መንቀል እንዳትረሱ። ሻንጣዎቹን አውርዱ፤ መያዣቸው ሥር አቧራ አለ። የስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ክዳን መዘጋቱን እዩ።

ከዚያ ማራስ። ማሻሸት የለም፤ ውኃ ብቻ። ጭቃው ይጠጣ። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ደግማችሁ አፍስሱ። አብዛኛው ጭቃ ያለ ምንም ድካም ራሱ ይወርዳል። ጊዜ መስጠት የስፖንጁን ግማሽ ሥራ ይሠራል።

ማሻሸቱ ከላይ ወደ ታች ነው። የነፋስ መከላከያ፣ ታንክ፣ መቀመጫ፣ ጎን፤ ከዚያ ኢንጂን፤ መጨረሻ ላይ ጎማና ቸርኬ። ለጎማና ለቸርኬ ሌላ ስፖንጅ ይኑራችሁ፤ ከፍሬን የሚወጣው ብናኝ ብረት አለበት። ጠባብ ቦታ ላይ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ተአምር ይሠራሉ። የራዲያተሩን ስስ ክንፎች በብሩሽ አትፈትጉ፤ ይተኛሉ። እነሱን በዝግታ በሚፈስ ውኃ ብቻ።

ይህን ስታደርጉ እጃችሁ ሁሉንም ቦታ ይነካል። የላላ ብሎን ይገኛል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ፣ የዘይት ላብ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ ጎማ ውስጥ የተሰካ ሚስማር ይታያል። እኔ የኋላው የሻንጣ መያዣ ብሎን ወድቆ አንድ ብቻ መቅረቱን ያወቅሁት በስፖንጅ ነው። ይዤው ወደ ደብረ ብርሃን ልወጣ የነበረው በማግስቱ ነበር።

ካለቀለቃችሁ በኋላ አድርቁ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥሩ ነው፤ ያረጀ ንጹሕ የጥጥ ቲሸርትም ይሆናል። የብሎን ጉድጓዶች ውስጥ የቆመ ውኃ ዝገት ይጀምራል። የጎማ መንፊያ ፓምፕ ካላችሁ በእሱ አውጡት።

ላቫጆ ብወስደውስ? አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አምስት ደቂቃው ነው ችግሩ። የላቫጆ ግፊት ለከባድ መኪና ጭቃ የተመጠነ ነው። የሞተር ኩሽኔታዎች፣ ማለትም ጎማውን የሚያሽከረክሩት ባለ ኳስ ቀለበቶች፣ ከጭቃ የሚጠበቁት በስስ ጎማ ነው። ያ ጎማ ዝናብ ይከላከላል፤ አቅርበው የሚረጩትን ውኃ ግን አይችለውም። ውኃው ጎማውን አልፎ ይገባል፤ ከዚያ መውጫ ያጣል።

ይህን የተማርኩት በገንዘብ ነው። በገዛሁት በሦስተኛው ወር በጭቃ ተለውሼ ከገጠር መንገድ ስመለስ አንድ ላቫጆ ገባሁ። አጣቢው ልጅ ታታሪ ነበር። የመርጫውን ጫፍ ጎማው መሀል ላይ አስጠግቶ እስኪያበራ ድረስ ረጨው። እኔም አጠገቡ ቆሜ አመሰገንኩት። ከሁለት ወር በኋላ የኋላው ጎማ ሲሽከረከር ማጉረምረም ጀመረ። ሲፈታ ግሪሱ ታጥቦ ወጥቷል፤ ኩሽኔታው ዝጓል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ማንም አልነገረውም፤ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

መሄድ ግድ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ሰፋ ባለ ርጭት ይሁን። የጎማ መሀል፣ የመሪው አንገት፣ ካቴናው (ሰንሰለቱ)፣ ራዲያተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ መጋጠሚያዎች፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሴንሰር አይረጩ። ቆማችሁ አመልክቱ። ልጆቹ በትሕትና ከተነገራቸው ይሰማሉ።

ሌላ ደግሞ አለ። «ናፍታ ይረጭልህ?» ብለው ይጠይቋችኋል። ኢንጂኑን ያስውባል ይባላል፤ እውነትም ለአንድ ቀን ያበራል። በሁለተኛው ቀን አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ጎማና ላስቲክ ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ግን የፍሬን ዲስክ ላይ የሚያርፈው ነው። ናፍታ የነካው የፍሬን ሸራ አይይዝም፤ ብዙ ጊዜ መቀየር ነው ያለበት። መልሳችሁ ሁልጊዜ «አይ፣ ይቅር» ይሁን።

በኦሞ ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይቻላል?

አይቻልም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለልብስ ቅባት የተሠራ ነው። የቀለሙን መከላከያ ሰም ይገፍፋል፤ ያልተቀባ አልሙኒየም ላይ ግራጫ ምልክት ይተዋል። በደንብ ያልሟሟ ዱቄት ደግሞ ይቧጭራል። የመኪና ሻምፖ ሶማሌ ተራም በየመለዋወጫ ሱቁም ይገኛል። አንድ ጠርሙስ ወራት ያገለግላል። ሻምፖ ከሌለ ውኃ ብቻ ይሻላል።

ሰፈሬ ግንባታ አለ። ጠዋት ስነሣ ግራጫ አቧራ ለብሶ አገኘዋለሁ። በጨርቅ ልጥረገው?

በፍጹም! ይህ ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነው። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከካሳንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ ስንት ቦታ እንደፈረሰና እንደተሠራ ሁላችንም አይተናል። የኮሪደር ልማቱ ባለፈበት ሁሉ የሲሚንቶ ብናኝ አለ። ሲሚንቶ ሁለት ጠባይ አለው። ደረቅ ሆኖ ሲጠረግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይጠነክራል፤ ቀለምንና አልሙኒየምን የሚያጠቃ አልካላይም ነው። ጠዋት ጤዛ ይወርድበታል፤ ካፊያ ይነካዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ያደርቀዋል። በሳምንት ውስጥ ቅርፊት ይሠራል።

ስለዚህ ጨርቅ ሳይነካው መጀመሪያ በፓምፕ ወይም በለስላሳ የላባ መጥረጊያ ጫፍ፣ ሳትጫኑ፣ ብናኙን አራግፉ። ቀጥሎ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ። እርጥብ ጨርቅ ማሻሸት ግማሽ እርጥበት መስጠት ነው፤ ያጠነክረዋል። ቅርፊት ከሠራ ደግሞ በጥፍርም በቢላም አትፋቁት። ሻምፖ የጠጣ ጨርቅ ጣሉበትና ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ አስፈላጊ ከሆነ ድገሙት። ቀስ እያለ ይለቃል። የአየር ማጣሪያውንም በቶሎ እዩት። የወረቀት ማጣሪያ በውኃ አይታጠብም፤ በጣም ከቆሸሸ ይቀየራል።

ጃካራንዳ ሥር ማቆም እወዳለሁ። ያምራል።

ያምራል፤ እኔም ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶ ከተነሣ በኋላ ግን አንሡት። የረገፈው አበባ ሲበሰብስ ይጣበቃል፤ የራዲያተሩም አፍ ላይ ይሰካል። ዛፍ ካለ ወፍም አለ።

ካቴናውን በምን ላጽዳው? በምንስ ላቅባው?

መጀመሪያ ካቴና እንዳለው እዩ። ትልልቆቹ የቢኤምደብሊው ጂኤስ ሞተሮች ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሱት በተሸፈነ ዘንግ ስለሆነ ይህ ሥራ የለባቸውም። ሌሎቻችን ግን ካቴና አለን።

የዛሬ ካቴና በየመጋጠሚያው ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉት። ፋብሪካ የሞላውን ግሪስ የሚያግቱት እነሱ ናቸው። ቀለበቶቹ ከተበላሹ ካቴናው አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ቤንዚን አይነካውም። የሽቦ ብሩሽም አይነካውም። እዚህ አገር በርካሽ የሚሠራልኝ ነጭ ጋዝ ነው። ጨርቅ ላይ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ላይ አድርጋችሁ አሻሹት፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ጎማውና የፍሬን ዲስኩ ላይ እንዳይፈናጠር ካርቶን አስገቡ።

ቅባቱ የካቴና ስፕሬይ ከተገኘ እሱ፤ ካልተገኘ 80 ወይም 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት። ዘይቱ በውስጠኛው በኩል፣ ካቴናው ከጥርሶቹ ጋር በሚገናኝበት ጎን ይንጠብ፤ ሲሽከረከር ራሱ ወደ ውጭ ይሠራጫል። በአስፋልት በየ500 ኪሎ ሜትሩ ይበቃል። አቧራ ወይም ዝናብ ካለ ከዚያም ቀድሞ። ብዙ ማፍሰስ ጥቅም የለውም፤ አሸዋ ይሰበስባል። መላላቱን ደግሞ መመሪያው በሚለው ሚሊ ሜትር ለኩ። የተወጠረ ካቴና ከላላ ካቴና ይብሳል፤ ኩሽኔታ ይጎትታል።

አንድ ነገር አደራ። ኢንጂን አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው ሲዞር በጨርቅ የሚጠርግ ሰው አይቻለሁ። ጨርቁን ካቴናው ከያዘው ጣትን ይዞ ነው የሚሄደው። ኢንጂን ይጥፋ፤ ጎማው በእጅ ይዙር። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ቦታ ያዙላቸውና ራቅ ብለው ይዩ።

የነፋስ መከላከያውና የዳሽቦርዱ ስክሪን እየተጫረ ነው።

መስታወት አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው። የመስኮት ማጽጃ፣ አልኮልና ቤንዚን ያደበዝዙታል። የደረቀ ነፍሳት ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥላችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ በቀላሉ ይነሳል። ስክሪኑም እንደዚያው ነው። የሄልሜቱንም መስታወት በለብ ያለ ውኃና በትንሽ የሕፃን ሻምፖ።

ቀለሙ የማያብለጨልጭ ዓይነት ነው። ሰም ልቀባው?

አትቀቡት። ቦታ ቦታ ያበራና ጠፍጣፋ ውበቱ ይጠፋል። ውኃ፣ ሻምፖ፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ በቃ።

የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ ወዴት ላድርግ?

ደብረ ሊባኖስ ለግማሽ ቀን ጥሩ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተላመዳችሁ በኋላ አባይ በረሃ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ድልድዩ ላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረዱ፤ ፍሬኑ ይግላል። ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ ኢንጂኑ ይያዘው። አስፋልቱ በከባድ መኪናዎች ክብደት ተጨምቆ ሞገድ የሠራበት ቦታ አለ፤ ሞተር ላይ መሪ ይነጥቃል። የጎማ ንፋስ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ለኩ። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ከጨለመ አትንዱ።

ባለ ራጂ (ባለ ሽቦ) ቸርኬ ከሆነ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) እንዳለውና እንደሌለው እወቁ። አንዳንዶቹ አላቸው፤ አንዳንዶቹ የላቸውም። ጎሚስታው ሳይፈታ መንገር አለባችሁ።

ከአፋር ስመለስ ሞተሩ ነጭ ነጭ ብሏል።

ጨው ነው፤ አታሳድሩት። አሳሌ ሐይቅ ላይ መሬቱ ራሱ ጨው ነው፤ ከባሕር ጠለልም በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጨው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ብሎን፣ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያና ያልተቀባ አልሙኒየም ይበላል። ለዚህ ብቻ ውኃ አትቆጥቡ። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ በብዛት፣ በተለይ ከሥር። ሙቅ ውኃ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከዚያ ሻምፖ፣ እንደገና ውኃ። በማግስቱ ድገሙት፤ ከተደበቀበት የሚወጣ ይኖራል። ሲደርቅ ብሎኖቹን ስስ ዘይት አስነኩ፤ ፍሬኑን ሳይጨምር።

ካጠብኩት በኋላ ወዲያው ሸራ ላልብሰው?

አይሆንም። እርጥብ ሞተር ላይ ሸራ መጣል እርጥበቱን ማፈን ነው። መቆለፊያው ውስጥ፣ ገመዱ ውስጥ፣ ብሎኑ ሥር ያድራል። ሸራውም አየር የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ላስቲክ ከሆነ ያልበዋል። ትኩስ ማርሚታ ላይ ከጣላችሁት ደግሞ ይቀልጣል።

እኔ ካደረቅሁት በኋላ እነዳዋለሁ። መጀመሪያ ግቢ በር ላይ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ እይዛለሁ፤ እርጥብ ዲስክ ወዲያው አይይዝም። ከዚያ በአራት ኪሎ ወጥቼ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ቀስ ብዬ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ኢንጂኑ ሲግል በየቀዳዳው የቀረው ውኃ ይተናል። ካቴናውም ይሞቃል። ስመለስ በመሀል መቆሚያው አቁሜ፣ ማርሹን ፈትቼ፣ ጎማውን በእጄ እያዞርኩ ዘይቱን አንጠባጥባለሁ። የሞቀ ካቴና ዘይት ይጠጣል። ሌሊቱን እንደዚያ ያድራል፤ ጠዋት የተረፈውን ዘይት በጨርቅ ጠርጌ እወጣለሁ።